ከሰጉላ እስከ ባት ጋሊም፦ በክረምት የአንድ ቀን የባሕር ዳር ጉዞ

ባት ጋሊም በሐይፋ ከተማ፣ በቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የባሕር ዳር ሰፈር ነው። ስሙ በዕብራይስጥ «የማዕበል ልጅ» ማለት ነው። ከፔታህ ቲክቫ ሰጉላ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ይመቻል። ለአዛውንት ደግሞ ከበጋው ክረምቱ ይሻላል፤ በበጋ ሙቀቱም ሰዉም አያስቀምጥም። ክረምት ሲባል የእዚህ አገሩ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው። አገር ቤት ዝናቡ በሰኔ ይገባ ነበር፤ እዚህ በሰኔ ደመና እንኳ ብርቅ ነው።

ከሰጉላ የሚነሳው ባቡር ቴል አቪቭ ያደርሳል፤ እዚያ ወደ ሐይፋ በሚሄደው ይቀየራል። ከቴል አቪቭ ሐይፋ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሐይፋ ከአንድ በላይ ጣቢያ ስላላት መሳሳት ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ሖፍ ሃካርሜል ይመጣል፣ ቀጥሎ ባት ጋሊም፤ መውረጃው ሁለተኛው ነው። ሲኬድ በግራ በኩል መቀመጥ ይሻላል፤ ባሕሩ ያለው በዚያ ወገን ነው። ዕድሜያቸው 75 የሞላ ሰዎች ከ2022 ጀምሮ በሕዝብ ማመላለሻ በነጻ ይጓዛሉ፤ ሆኖም ራቭ ካቩ ላይ መመዝገብ አለበት። ከዚያ በታች ያሉ ጡረተኞች ቅናሻቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ስለሚቆም ጉዞው በሳምንቱ መካከል ቢሆን ይመረጣል።

ሐይፋ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ከተማ አይደለችም። አፄ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በጣሊያን ስትወረር ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው እ.ኤ.አ. በሜይ 8 ቀን 1936 የወረዱት በሐይፋ ወደብ ነው። ከዚያ በባቡር ኢየሩሳሌም ገቡ። በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ወርዚንግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሆቴል ተቀምጠው ነበር፤ የስደት ቤታቸው ግን ባዝ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር በክረምት ግራጫ ነው፣ ነፋሱም አጥንት ይገባል። የሐይፋው ስንት እጅ ይሻላል።

ባት ጋሊም የሚለው ስም የሁለት መርከቦችም ስም ነበር፤ ሁለቱም ከቀይ ባሕር ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። የመጀመሪያዋ የጭነት መርከብ ናት። በ1954 ከምጽዋ ሥጋ፣ ቆዳና ኮምፔንሳቶ ጭና ወደ ሐይፋ ስትመጣ ስዊዝ ቦይ መግቢያ ላይ ግብጾች ያዟት። መርከበኞቹ በ1955 መጀመሪያ ተለቀቁ፤ መርከቧ ግን አልተመለሰችም።

ሁለተኛዋ የባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ ሱዳን የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት በመኪና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወሰዱ ነበር። ሞሳድ አሩስ በሚባለው ቦታ የቱሪስት መዝናኛ ከፍቶ ሥራውን በዚያ ይሸፍን ነበር። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ሰዎቹን በጎማ ጀልባ እየጫኑ ወደ ባት ጋሊም ያወጧቸዋል፤ መርከቧም ያን ጊዜ በእስራኤል እጅ ወደነበረችው ሻርም ኤል ሼክ ታደርሳቸዋለች። ከእነዚያ መንገደኞች ብዙዎቹ የደጋ ገበሬዎች ነበሩ፤ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በጨለማ፣ ልጅ ታቅፈው፣ ድምፅ እንዳያሰሙ ተነግሯቸው ነው።

ስለዚህ ባሕር ለሁሉም መዝናኛ አይደለም። የልጅ ልጆች «ሳባ፣ ና ወደ ውሃው» ሲሉ ሽማግሌው ወንበሩን ወደ ኋላ ቢስብ ፈሪ ነው ተብሎ መሳቅ ተገቢ አይደለም። አጠገቡ መቀመጥ፣ ከቴርሞሱ ቡና መቅዳት ይበቃል። ማውራት ከፈለገ ያወራል።

ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ አለንቢ መንገድ ላይ፣ የኅቡዕ ዓልያና የባሕር ኃይል ሙዚየም አለ። «አፍ አል ፒ» የተባለችው መርከብ እዚያው ቆማለች፤ በ1947 እንግሊዞች ያዟትና ተሳፋሪዎቿን ወደ ቆጵሮስ ላኳቸው። ከመንገዱ ማዶ የነቢዩ ኤልያስ ዋሻ ነው። ደረጃ ስላለው ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሳይቸኩል ይውጣ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ማዕበሉ ነው። በክረምት አብዛኛው የባሕር ዳርቻ ላይ የዋና ጠባቂ የለም፤ ጥቁር ባንዲራ ከተሰቀለ መግባት ክልክል ነው፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው። ዝናብ ባይኖርም እንኳ ትልቅ ማዕበል የመንገዱን ዳር ዘሎ ይመታል፤ እርጥብ ድንጋይ ደግሞ ያንሸራትታል። ነፋስ የማያስገባ ካፖርት፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የዕለቱ መድኃኒትና መታወቂያ አይረሱ። የአምቡላንስ ቁጥር 101 ነው።

በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በእዚህ አገር ሰዓት 16፡30 ላይ፣ ባሕሩ ውስጥ ትጠልቃለች። እሷን አይቶ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ሰጉላ የሚደርሰው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ከጣቢያው ወደ ቤት የሚወስደውን አውቶቡስ ጠዋት ሳይነሳ ቢያጣራ ይሻለዋል።