የበእደ ማርያም ዕጣን

እ.ኤ.አ. በ1460ዎቹ መጀመሪያ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ አንድ የንጉሥ ልጅ ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ሰጠ። ነገሩ ይኸው ነው። ዛሬ ማናችንም እሁድ ጠዋት በፌስታል ይዘን የምንሄደው ዓይነት ነገር። ልጁ ግን በዚህ ምክንያት ታሰረ፤ ያሳሰረው ደግሞ የገዛ አባቱ ነው። ዕጣኑ ለእናቱ መታሰቢያ ነበር።

ልጁ በእደ ማርያም ይባላል፤ በኋላ ከ1468 እስከ 1478 የነገሠው ማለት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አባቱ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፣ እናቱ ጽዮን ሞገሳ። ታሪኩ ያለው በግዕዝ በተጻፈው የሁለቱ ነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን በ1893 ፓሪስ ላይ ከትርጉሙ ጋር አሳትሞታል። እኔ ታሪክ ያጠናሁ ሰው አይደለሁም፤ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። ግን የሲስተም ሎግ ማንበብ የለመደ ሰው ዜና መዋዕል ሲያነብ አንድ ነገር ቶሎ ያስተውላል፦ ጸሐፊው ንጉሡን ሲያሞግስ ቆይቶ ድንገት፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ የሚያስደነግጥ መስመር ያስገባል። ይህም እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ የሆነው ይህ ነው። ጽዮን ሞገሳ፣ ንጉሡ በሕይወት እያለ ልጇን ለማንገሥ አሲራለች ተብላ ተከሰሰች። ዘርአ ያዕቆብ አስገረፋት። ከግርፋቱ ብዛት ሞተች። ሞቷ ተደብቆ፣ በስውር፣ መቅደሰ ማርያም በምትባል ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለች ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ፣ አርባ የለ። ልጁ ግን ሰማ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ማድረግ የሚችለውን አደረገ፤ ለተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ሰጠ።

አባቱ ይህን ሲሰማ አስጠርቶ ምን ሰምተህ ነው የሰጠኸው ብሎ ጠየቀው። ልጁም እናቱ መሞቷን ስለሰማ እንደሆነ መለሰ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ልጁንም፣ አብሮት የነበረውን መሐሪ ክርስቶስ የተባለ ሰውም አሳሰረ።

አባትየው ማን እንደሆነ ካላወቅን ነገሩ ተራ የአምባገነን ታሪክ ይመስላል። ዘርአ ያዕቆብ በዙፋን ላይ የተቀመጠ የሃይማኖት መምህር ነው። መጽሐፈ ብርሃን የእሱ ነው። ዛሬ የምናከብራቸው 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዘ እሱ ነው። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረገም እሱ። ልጁን ራሱ «በእደ ማርያም» ብሎ ሰየመው፣ በማርያም እጅ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በዓመት 33 ጊዜ የአምላክን እናት አክብሩ ብሎ ለአገር ያወጀ ሰው፣ በማርያም ስም በተሰየመች ቤተ ክርስቲያን፣ በማርያም ስም የተሰየመ ልጅ ለወለደችው እናቱ የሰጠውን ጥቂት ዕጣን መቻል አቃተው።

ሰውየውን ለማቃለል አይደለም። በዚያ ዘመን በአስተዳደርም በትምህርትም የእሱን ያህል የሠራ ንጉሥ አልነበረም ብል ብዙ የታሪክ ሰው አይቃወመኝም። ግን ዜና መዋዕሉ ራሱ ጣዖት አምልካችኋል ተብለው ከተቀጡት መካከል የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ እንደነበሩበት ይናገራል። ቤቱ ውስጥ አባት የለም ነበር፤ ንጉሥ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ትእዛዙ። ወላጆችን ማክበር በእኛ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር አራተኛው ትእዛዝ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር ያለውን ግንኙነት ከሚመለከቱት ከሦስቱ ቀጥሎ፣ አትግደል ከሚለው በፊት። አባትና እናት በአንዲት «ና» ተያይዘው በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። ለአብዛኞቻችን ይቺ «ና» ችግር አትፈጥርም። በየዓመቱ በግንቦት የእናቶች ቀን ሲመጣ ፌስቡኩ በእናቶች ፎቶ ይሞላል፣ ከወር በኋላ ደግሞ በአባቶች። ግን «ና»ዋ የማትይዝበት ቤት አለ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። አባቱ እናቱን ሲደበድብ እያየ ነው ያደገው። እናቱ ዐርፋለች። አባትየው አሁን አርጅቷል፣ ብቻውን ነው፣ ወር በገባ ቁጥር ይደውላል። ልጁ በቴሌብር ይልክለታል። ከላከ በኋላ ግን ግማሽ ቀን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ አንድ መስመር ሳይጽፍ ይውላል። አንዴ ምሳ ላይ «ስልክለት አከበርኩት ማለት ነው? ወይስ እሷን ከዳኋት?» አለኝ። ፕሮግራመሮች እንደምታውቁት፣ ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ የተለያየ ነገር ሲጽፍ ጊት ያቆምና «ኮንፍሊክት» ይላል፤ የትኛው ይቅር ብሎ ይጠይቃል። ይህን ልጅ የሚያሠቃየው አንዱን ሰርዘህ ሌላውን አስቀር መባሉ ነው። ሰባኪው ደግሞ «አባት አባት ነው» ብሎ ያልፋል።

ትእዛዙን በደንብ ያነበበ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም። በዕብራይስጡ «አክብር» ለማለት የገባው ግስ ከእኛው «ከበደ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ክብደት ስጣቸው እንደማለት። ክብደት መስጠት ማለት ያደረጉትን ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የከበደ ነገር የሚያደርሰው ጉዳትም ከባድ መሆኑን ማወቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ልጆችን ታዘዙ ካለ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች ዞሮ ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል። ይቺ ሁለተኛዋ ክፍል ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ ተቆርጣ ትቀራለች። ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ ጌታ የሚገሥጸው ለወላጆቹ የሚገባውን ለቤተ መቅደስ ሰጥቻለሁ ብሎ የሚያመልጠውን ሰው ነው። ሃይማኖት ራሱ ወላጅን ከማክበር ማምለጫ ሊሆን እንደሚችል ያኔም ይታወቅ ነበር። ዘርአ ያዕቆብ ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቦት ይሆን!

በእደ ማርያም ያደረገውን እንየው። እናቱን አስታወሰ። ሲጠየቅ አልካደም። በአባቱ ላይ ግን ጦር አላነሣም፤ ሸፍቶም ወደ አፋፍ አልወጣም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ይህን ያደረገ የንጉሥ ልጅ መጀመሪያው አይሆንም ነበር። በመጨረሻ ከደብረ ሊባኖስና ከሌሎችም ገዳማት የመጡ መነኮሳት በመካከል ገብተው አስታረቋቸው። አባትየውም ልጁን ወራሹ እንዲሆን መረጠው።

ይህንን ለሥራ ባልደረባዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ለእኔ መነኮሳቱ የት አሉ?» አለኝ።

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ይረዳዋል። እኔ ያደግሁባት አቀስታ ከደሴ ወደ ምዕራብ ስትወጡ በለጋምቦ ደጋ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቤት ለቅሶ የሚቀመጥባት። እዚያ አባትና ልጅ ሲጣሉ የሚገባ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ቄሱ ከሌሉ ሼኹ አሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እናት ሦስት ጊዜ፣ አባት አንድ ጊዜ እንደሚጠሩ፣ ነቢያቸው እንዲህ አስተምረዋል እያሉ ሲያስረዱን ነው ያደግነው። የእናት ምርቃት ደግሞ በሁለቱም ቤት ያው ነው፤ ሳይመረቁ መንገድ የሚጀመር የለም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን አባቱን ይቅር ማለትም አለማለትም ያቃተው ልጅ ብቻውን ከስልኩ ጋር ነው።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። ዘርአ ያዕቆብ በ1468 ሞተ። በእደ ማርያም እንደነገሠ ካደረጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ በአባቱ ዘመን የታሰሩትንና የተጋዙትን መፍታት ነበር። አባቱ ያወጃቸውን የእመቤታችንን በዓላት ግን አልሻረም። ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚህ ላይ ነው። ከአባቱ የተቀበለውን ፍቅረ ማርያም ያዘ፣ አለንጋውን ጣለ። አባትን ማክበር እንዲህም ይቻላል፤ የሰጠህን መልካሙን ነገር ከእሱ በተሻለ መያዝ።

ከዚያ ደግሞ ወደ እኛ አገር መጣ። ያኔ «አማራ» የሚባለው አውራጃ በአብዛኛው የዛሬውን የደቡብ ወሎ ምዕራብ ይይዛል፤ አማራ ሳይንት የሚለው ስም ከዚያ የተረፈ ነው። አውራጃው የነገሥታቱ የጥንት ርስት ነው። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው መንገድ የሚያቋርጠው ደጋ ማለት ነው። ከእሱ አንድ ትውልድ በፊት በዚሁ በቦረና ምድር አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ኖሯል፤ ሰዓታቱን የደረሰው፣ አርጋኖንን ለእመቤታችን ያበረከተው። በእደ ማርያም በዚህ አውራጃ አትሮንሰ ማርያምን አሠራ፤ ብዙ ርስት ሰጣት። የቀደሙ ነገሥታትን አጽም ሰብስቦ ወደዚያ አፈለሰ። እናቱ በስውር የተቀበረችበት ልጅ አያቶቹን በአደባባይ ሰበሰበ። በ1478፣ ገና በወጣትነቱ ሲሞት፣ እሱም እዚያው ተቀበረ።

(በነገራችን ላይ አትሮንሰ ማርያም ሌላም የእናትና የልጅ ክርክር አስተናግዳለች። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ አገራችን የመጣው ቬኒሳዊው ሰዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮን ለዚህች ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ይዛ ሣላት ይባላል። ግራ እጅ የንቀት ነው ተብሎ ብዙ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሕፃን ያዘለች ወይም ያቀፈች እናት ያየ ሁሉ ግን ቀኝ እጇን ለሥራ ነጻ እንደምታደርግ ያውቃል።)

ቤተ ክርስቲያኗ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለች፤ የየመኑ ተወላጅ ዐረብ ፈቂህ በፉቱሕ አል ሐበሻ ውስጥ ስለ ሀብቷ በመደነቅ ጽፏል። ስለዚህ በእደ ማርያም በድንጋይና በወርቅ ያከበረው ነገር 60 ዓመት ያህል ብቻ ቆየ።

ከዚያ በላይ የቆየው ሌላ ሥራው ነው። ከአባቱ ሚስቶች አንዷ እሌኒ ትባላለች። የሐድያው ገራድ ልጅ ናት፤ በእስልምና ተወልዳ ያደገች። የራሷ ልጅ አልነበራትም። በእደ ማርያም ሲነግሥ እናቱ የለችም፤ የንጉሥ እናት የሚሰጣት ክብር ደግሞ ባዶ ሊቀር አይገባም። ወሰደና ለእሌኒ ሰጣት። ዜና መዋዕሉ እንደ እናቱ አድርጎ ይወዳት እንደነበር ይናገራል። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ የሰጠበትን ታሪክ ዓርብ ስቅለት በሰማሁ ቁጥር እሷና እሱ ይመጡብኛል። እንጀራ እናት የምንለው ቃል ላይ ያለው መራራነት እዚህ ቤት አልሠራም።

እሌኒ ከእሱ በኋላ ብዙ ኖረች። በዐባይ ማዶ፣ ከመካነ ሰላም ፊት ለፊት በጎጃም በኩል፣ መርጡለ ማርያምን ያሠራችው እሷ ናት፤ የተጠረቡት ድንጋዮች ዛሬም አሉ። ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ አገሪቱን በሞግዚትነት የመራችው እሷ ናት። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከችም እሷ። የእሷ ደብዳቤ ያመጣቸው ፖርቱጋሎች በ1520 ምፅዋ ሲደርሱ አርጅታ ነበር፤ እነሱ እዚህ እያሉም ዐረፈች። ከእነሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሕዝቡን ለቅሶ ሰምቶ መዝግቧል፤ ሰዉ እሷ በሞተች ጊዜ ትልቁም ትንሹም እንደሞተ፣ ለሁሉም እናትም አባትም እንደነበረች ይናገር ነበር።