ፊልሙ ሲጠፋ የቀረው መጽሐፍ

በመስከረም 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ የአገራችንን ስም ባልተለመደ ጉዳይ አነሣ። ጠፍተው የኖሩ ከ100 የማያንሱ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ አቧራ ለብሰው ተገኙ ሲል ጻፈ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ቢቢሲ የተገኙት 9 ክፍሎች ብቻ መሆናቸውን፣ ቦታውም የናይጄሪያዋ ጆስ ከተማ መሆኗን አስታወቀ። ይሁን እንጂ ወሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌቪዥናችን የውጭ ፊልም ይገዛ ነበር፤ ይህ ተከታታይ ድርሰት ከተሸጠባቸው አገሮችም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እኔን የሳበኝ የፊልሞቹ ፍለጋ አይደለም፤ ፊልሞቹ ጠፍተው ሳሉ ታሪካቸው እንዴት ሳይጠፋ እንደ ቀረ ነው።

«ዶክተር ሁ» በጊዜና በኅዋ የሚመላለስ የአንድ እንግዳ መንገደኛ ታሪክ ነው። መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ዘመን የምስል ቴፕ ውድ ነበር፤ አንድን ድርሰት ደጋግሞ ማሳየት የተዋንያንንና የደራሲያንን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ተመልካችም በቤቱ ፊልም የሚያኖርበት ዘዴ አልነበረውም። ስለዚህ ድርጅቱ የታየውን እየደመሰሰ በቴፑ ሌላ ይቀዳበት ጀመር። ከ90 የሚበልጡ ክፍሎች በዚህ ሁኔታ ከእጁ ወጡ። ድምፃቸው የተረፈው ተመልካቾች በየቤታቸው ስለ ቀዱት ነው።

ምስሉን የተካው መጽሐፍ ነው። ዴቪድ ዊታከር ዳሌክ ከሚባሉት ክፉ ፍጡራን ጋር የተደረገውን ትግል ገና በ1964 እ.ኤ.አ. ወደ ልብ ወለድ መለሰው። ከ1973 ጀምሮ ታርጌት የተባለ የመጻሕፍት ማኅተም ሥራውን በሰፊው ተያያዘው፤ ቴራንስ ዲክስ ብቻውን ከ60 በላይ ጻፈ። በ1964 የታየው ባለ 7 ክፍሉ «ማርኮ ፖሎ» ተንቀሳቃሽ ምስሉ ጠፍቷል፤ ደራሲው ጆን ሉካሮቲ ግን በ1980ዎቹ ራሱ ልብ ወለድ አድርጎ ጽፎታል።

ቀጫጭንና ርካሽ፣ ለልጆች የታሰቡ መጻሕፍት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሥራ «ግልባጭ» ብሎ መናቅ ቀላል ነው። ነገር ግን በስቱዲዮ ከካርቶን የተሠራው ዐለት በገጹ ላይ እውነተኛ ተራራ ይሆናል፤ ዝም ያለው ተዋናይም ሐሳቡ ይሰማል። በጊዳ አያና ልጅነታችን ነቀምቴ ደርሶ በቪዲዮ ቤት ፊልም ያየ ሰው ላላየነው ሲተርክ መኪናው ይፈጥን፣ ጠላቱ ይበዛ ነበር። ተራኪው ያየውን ብቻ አያስተላልፍም፤ የጎደለውን ይሞላል።

የወለጋ የጽሑፍ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በባርነት ለመሸጥ ባሕር ስትሻገር በ1886 እ.ኤ.አ. ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ፣ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሆና 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጻፈች። ከፊሉ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ፤ በ1904ም ወደ ወለጋ ተመለሱ። የተራኪዎቹን ድምፅ የቀዳ መሣሪያ አልነበረም፤ የአንዲት ሴት ትዝታና ብዕር ነበሩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሏል ይህ ነው።

በአገራችን በይበልጥ የምናስታውሰው ተገላቢጦሹን መንገድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ መጽሐፉ ያልደረሰበት ቤት ገባ። ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወደ መጽሐፍ የሚወስደው መንገድ ግን ጭር ያለ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ተደምጠው ያለፉ ድራማዎቻችን ደራሲዎቻቸውና አድማጮቻቸው በሕይወት ሳሉ በልብ ወለድ መልክ ቢጻፉ፣ የነገው አንባቢ በየአገሩ የፊልም ቆርቆሮ ከመፈለግ ይድናል።