ከሱዳን በረሃ እስከ ሃይፋ መድረክ፦ እስክስታ የጠገነውና ያልጠገነው

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በበረታበት ጊዜ ከሰሜን ኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ጉዞ ነበር። አንዱ በመንግሥት መኪና ተጭኖ ከወሎና ከትግራይ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ ከፋ የተወሰደው ሰፋሪ ነው፤ የመቱና የአካባቢው ሰው ያን ዘመን ያውቀዋል። ሌላው ሌሊት ሌሊት በእግሩ ወደ ሱዳን ያቀናው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ነው። በእነዚያ ዓመታት በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉት አለቁ። የተረፉትን መጀመሪያ ዘመቻ ሙሴ፣ ኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ያጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል አደረሷቸው። ሬሳ መንገድ ላይ ቀብሮ የመጣ ሰው ግን አውሮፕላን ስለወረደ ብቻ አይድንም።

በአይሁድ ሃይማኖት ጭፈራ የሐዘን መውጫ ተደርጎ መታየቱ የቆየ ነገር ነው። ማርያም ባሕሩን እንደተሻገሩ ከበሮ አነሣች፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ1810 ያረፈው የብሬስሎቩ ረቢ ናሕማን ደግሞ ጭብጨባና ጭፈራ በሰው ላይ የመጣን ክፉ ፍርድ ያለዝባሉ ብሎ አስተምሯል።

ጎንደር ያሉ ቄሶች ናሕማንን አያውቁትም። የእነሱ ትምህርት ስግድ ነበር። ሕዝቡ ጾሞ፣ ኦሪቱን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ይሰግዳል፣ ይማጸናል። ከሰዓት በኋላ ወርዶ ይበላል፣ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ጭፈራው የሚመጣው ልመናው ሳይዘለል ነው።

ከቄሶቹ ዓይን ራቅ ብሎ ሌላ ጭፈራም ነበር፤ የዛር። ዛር ሃይማኖት አይመርጥም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ይያዛል። በኢሉባቦር ገጠር የቃሉ ቤት ከበሮ የሰማ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ በሽተኛው እስኪደክም ያጓራል። መንፈሱ ግን አይባረርም፤ ይለመናል፣ ይታረቃል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይጠይቃል። ስለዚህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ ማለት ይከብዳል። እስራኤል ድረስ ተከትሏቸው ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የሥነ አእምሮ ጥናት ዛር የያዛቸውን ስደተኞች ጉዳይ መርምሮ፣ ይህ በሽታ ነው ወይስ ባህል ሲል ጠይቋል። ሐኪሙ የዛርን ቋንቋ ካላወቀ በሽተኛው የሚናገረውን ሁሉ እብደት ብሎ መመዝገቡ አይቀርም።

አዲሱ አገር የራሱን ቁስል ጨመረ። የልጆቹ ስም ወደ ዕብራይስጥ ተለወጠ። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድነታቸውን ተጠራጥሮ በውኃ ጠልቃችሁ ውጡ አላቸው። ለኦሪት ሲሉ ዘመን ሙሉ መሬት አልባ ሆነው፣ በአንጥረኝነታቸው ቡዳ ተብለው ለኖሩ ሰዎች ይህ ከስድብም በላይ ነው። በ1978 ዓ.ም. መግቢያ ኢየሩሳሌም ላይ ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የውዝዋዜ ባለሙያና ተመራማሪዋ ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለውን ቡድን መሠረተች። ወዛዋዦቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ሐኪም ቤት አልነበረም፣ ማንም የሕመም ካርድ አላወጣላቸውም። የአባቶቻቸው ትከሻና አንገት ግን በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ዕውቀት ሆኖ ተቆጠረ። ያን የመሰለ ሕክምና ከክኒን አይገኝም።

ማጋነን ግን አይገባም። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያውያኑ የተለገሰ ደም ሳይነገራቸው ሲደፋ መቆየቱ ተጋለጠ፤ ሺዎች በቁጣ አደባባይ ወጡ። ለትከሻቸው የሚያጨበጭብ አገር ደማቸውን ይጠየፍ ነበር። ውዝዋዜ ሐዘንተኛውን እንጂ አድሏዊውን አያክምም።

ኤሼል እ.ኤ.አ. በ2005 «ቤታ» የተባለ ሌላ ቡድን አቋቋመች። ይህን ቡድን ከጊዜ በኋላ የተረከበችው ደጌ ፌደር ናት፤ በልጅነቷ በእግሯ ሱዳን የገባች፣ ሃይፋ ስትማር ከ«እስክስታ» ጋር የወዘወዘች፣ ሠዓሊም ዘፋኝም። አሁን ውዝዋዜውን የምትቀምረው ራሷ ናት።