ሐቅ ጠያቂ ሲያገኝ

በእኛ ዘንድ ሰው ሲመረቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። የፊቅህ ኪታቦችን የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ የተቸገረ ወላጅ ነፈቃውን ከልጁ ይጠይቃል፤ ልጁ አቅም እያለው እምቢ ካለ ቃዲ ፊት ያቀርበዋል። ወላጅን መጦር ችሮታ ሳይሆን ሐቅ ነውና። ጧሪው ልጅ ሳይሆን ድርጅት ሲሆንስ? ሐቁ ሲጓደል ማን ይጠየቃል? በዚህ ረገድ የአሜሪካኖች ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው።

እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያንና ለድሆች ሕክምና የሚከፍሉ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉ ሁለት ፕሮግራሞችን አቋቋመ። በዚህ ገንዘብ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ተስፋፉ፤ ቁጥጥሩ ግን የገንዘቡን ያህል አልጠነከረም።

በ1975 በኮሎራዶ ግዛት የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች በራሳቸውና በመሰሎቻቸው ስም ክስ መሠረቱ። ክሱ ዓመታት ወስዶ በ1984 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲሰጥ የቁጥጥሩ ጉድ ታየ። ተቆጣጣሪዎች የሚሞሉት የመንግሥት ቅጽ 541 ጥያቄዎች ነበሩት፤ የሕመምተኛውን እንክብካቤ በጥቂቱም ቢሆን የሚነኩት 30 ብቻ ነበሩ። ቅጹ ቤቱ መንከባከብ ይችል እንደሆን እንጂ በእርግጥ መንከባከቡን አይጠይቅም ነበር። ፍርድ ቤቱም መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ቤት አዛውንቶቹን በተግባር መንከባከቡን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ።

ከዚህ በኋላ በ1987 አዲስ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ነዋሪን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ማሰርም ሆነ በመድኃኒት ማደንዘዝ ተከለከለ። ለነዋሪውና ለቤተሰቡ ሳያስታውቁ ወደ ሌላ ቤት ማዛወርም እንዲሁ።

ሕጉ ወጣ እንጂ ሲጣስ ነዋሪው ራሱ መክሰስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር ቀጠለ። በ2016 በኢንዲያና ግዛት አእምሮአቸውን የመርሳት በሽታ ያጠቃቸው አንድ አዛውንት በአውራጃው መንግሥት ሥር ወደሚገኝ መጦሪያ ገቡ። በክሱ እንደተገለጸው፣ ብዙ ሳይቆዩ በእጃቸው መጉረስ ተሳናቸው፤ እንግሊዝኛ መናገርም አቃታቸው። ቤተሰቡ ሲያጣራ ስድስት ብርቱ መድኃኒቶች እየተሰጣቸው ኖሯል። ያለ ቤተሰባቸው ፈቃድም ወደ ሌላ ቤት ሊያዛውሯቸው ሞከሩ። ባለቤታቸው በእርሳቸው ስም ከሰሱ።

መጦሪያው ሕጉ መንግሥት ለሚሰጠው ገንዘብ የተቀመጠ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ለግለሰብ የመክሰስ መብት አይሰጥም ሲል ተከራከረ። አዛውንቱ ፍርዱን ሳያዩ በ2021 ሞቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 8 ቀን 2023 በሰባት ዳኞች ድምፅ ለሁለት፣ እነዚህ የነዋሪው መብቶች ናቸው፤ የመንግሥት በሆነ መጦሪያ ሲጣሱም ባለመብቱ መክሰስ ይችላል ሲል ፈረደ። ብዙዎቹ መጦሪያዎች የግል ናቸውና በእነርሱ ላይ የሚቀርበው ክስ በየግዛቱ ሕግ ይታያል።

ወንድሞችና እህቶች! ከ1987 እስከ 2023 ሠላሳ ስድስት ዓመት ነው። ሕጉ ያን ሁሉ ዘመን በወረቀት ላይ ነበር። የአዛውንቱን ጉዳይ ዳኞች ዘንድ ያደረሰው ግን ሄዶ የጠየቃቸው፣ መለወጣቸውን ያስተዋለና ምን እየሰጣችኋቸው ነው ያለ ቤተሰብ ነው። ጠያቂ የሌለው አዛውንት ሐቁ ሲጓደል ማን ያይለታል? በአሜሪካ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችንም ጥቂት አይደሉም፤ በእጃቸው ያለው የሰው አባት፣ የሰው እናት አማና ነው። እኛም ብንሆን ወላጆቻችን እቤታችን ናቸው ብለን አንዘናጋ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩም ሳይጠየቁ የሚውሉ አሉ።

አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።