ስፕሬይና የደቡቡ ወጀብ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና የካፒቴን ጆሹዋ ስሎከምን ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜውን በባሕር ላይ የፈጀ ሰው ነው። ሜዳ ላይ ተጥላ የነበረች አሮጌ ጀልባ በገዛ እጁ አድሶ፣ “ስፕሬይ” የተባለችውን ይዞ፣ በ51 ዓመቱ ብቻውን ዓለምን ሊዞር በኤፕሪል 1895 እ.ኤ.አ. ከቦስተን ተነሣ። ርዝመቷ 11 ሜትር ያህል ነበር። ቦነስ አይረስ ሲደርስም ምሰሶዋን 2 ሜትር ያህል ቆርጦ አሳጠረው፤ ወደፊት የሚጠብቀውን ነፋስ ያውቀዋላ! ረጅም ምሰሶ ብዙ ሸራ ይሸከማል፣ ብዙ ሸራም በዚያ በደቡቡ ባሕር ጀልባን ይገለብጣል።

ከዚያም ማርች 3 ቀን 1896 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ያለውን የማጄላንን ሰርጥ ጨርሶ ፓሲፊክ ላይ ብቅ አለ፤ ወዲያው ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ዞረና ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬፕ ሆርን ይነዳው ጀመር። እርሱም ሸራውን ሁሉ አወረደ፣ ከዚያም ከፊት ያለችውን ትንሿን ሸራ ብቻ፣ እርሷንም አጥፎ አሳንሶ፣ መሐል ላይ ወጥሮ አሰራት። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ነፋሱ ያችን ሸራ እየመታ ይመልሰዋል። ከዚያም ሁለት ረጃጅም ገመዶች ከኋላ ለቀቀ፤ ገመዶቹ ውኃ ውስጥ እየተጎተቱ ጀልባዋን ያረጋጋሉ፣ የሚከተላትንም ማዕበል ይሰብራሉ። መሪውንም መሐል ላይ አሰረው። ቅዱስ ጳውሎስን የጫነችው መርከብ ሰዎችም ነፋሱ በበረታ ጊዜ ሸራ አውርደው እንደተነዱ ታስታውሳላችሁ፤ እነርሱ ግን ብዙ ነበሩ፣ ይህ አንድ ራሱን ነው።

በአራተኛው ቀን ደመናው ተከፈተና ተራራ ታየው። ዋናው ሸራ ተበጣጥሶ ጨርቅ ሆኗል፤ በምትኩ አራት ማዕዘን ሸራ ሰቀለ፣ ገመዶቹን ሳበ፣ ወደ ምድሩም አቀና። ሲመሽ ግን ከፊቱ የሚፈርስ ማዕበል ጮኸ፤ ዞሮ ሸሸ፣ በዚያም በኩል ሌላ ጮኸ፣ እንደገና ዞረ። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲል በረዶው ፊቱን እየቆረጠ ደሙን አፈሰሰው። ሲነጋ ያለበትን አየ፤ ከሥር ቋጥኝ፣ ከላይ ነጭ አረፋ የሆነውና መርከበኞች ፍኖተ ሐሊብ ያሉት ስፍራ ነበር፤ ቻርልስ ዳርዊንም በቢግል መርከብ ሲያልፍ አይቶት ስለ እርሱ ጽፏል። እንዲህ ያለ ቦታ በሌሊት ያለፈ ሰው፣ እኔ እንደማምነው፣ ሸራውን በልኩ በማሳነሱ ነው የተረፈው፤ ትልቅ ሸራ ቢዘረጋ ኖሮ ለመዞር ፋታ ባላገኘ።

ከዚያም በቋጥኞቹ መካከል እየተሽሎከለከ የኮክበርንን መተላለፊያ አገኘ፣ በእርሱም ወደ ማጄላን ሰርጥ ተመለሰ። መርፌና ክር አንሥቶ ሸራውን ይሰፋ ጀመር፣ በጀልባዋም ኋላ ሌላ ትንሽ ምሰሶ ተከለ፣ ደጋግሞም ለመውጣት ሞከረ፣ ነፋሱም ደጋግሞ መለሰው፤ ኤፕሪል 13 ቀን ግን ስፕሬይ ፓሲፊክ ላይ ወጣች።