ከመሬት ያልራቀ ቤት

ጅሬን ላይ ፎቅ የንጉሥ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ባለፎቅ የእንጨት ቤተ መንግሥት ዛሬም ኮረብታው ላይ ቆሟል። ታች በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ግን የብዙው ሰው ኑሮ መሬት ላይ ነበር፤ በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ በተሠራ ቤት።

ጭቃ ቤት ሲባል ድህነት ብቻ ነው የሚታየን። እኔ ኮድ ስጽፍ ነው የምውለው፤ በእኛ ሙያ ጥሩ ሥራ የሚባለው በኋላ የመጣ ሰው ሳይቸገር የሚቀይረው ነው። ጭቃ ቤት ይህን ፈተና ያልፋል። ልጅ ሲያገባ ከጎን አንድ ክፍል ይቀጠላል። እናት ጉልበታቸው ሲደክም አልጋቸው ወደ በሩ ይጠጋል፤ ካስፈለገም ግድግዳው ተከፍቶ ሌላ በር ይወጣለታል። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ ደግሞ በረንዳ የሥራ ቦታ ነው። መራመድ ያቃታቸው እናት እዚያው ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ፣ ሕፃን ይጠብቃሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ።

ታዲያ ይሄ እንዴት ቀረ? ሁለት ነገር ተወሰደ።

አንደኛው የመቀየር መብት ነው። ሐምሌ 1967 ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራይ ረክሶ ብዙ ድሃ ጣራ ማግኘቱ አይካድም። ግን ተከራይ በቀበሌ ቤት ላይ እንደልቡ ክፍል አይቀጥልም፣ በር አይከፍትም። ቤቱና ነዋሪው አብረው አረጁ።

ሁለተኛው መሬቱ ራሱ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማም የደረሰው ኮንዶሚኒየም ባብዛኛው አሳንሰር የለውም። የአንድ ወለል ከፍታ 3 ሜትር፣ የአንድ ደረጃ 16 ሳንቲሜትር ነው ብንል፣ 4ኛ ፎቅ ለመድረስ 75 ደረጃ መውጣት ነው። ነዳፊዎቹ ባህሉን አልዘነጉም፤ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ግቢው ውስጥ ሠርተዋል። ያለው ግን ታች ነው። ለአዛውንቱ ለቅሶ መድረስም፣ ጎረቤት ቡና መጠጣትም የደረጃ ጉዳይ ሆነ።

ሕጉስ? የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ እንዲኖር ያስገደደው የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን ነው። ሰው የሚያረጀው ግን ቤቱ ውስጥ ነው።

ወደ ጭቃ እንመለስ እያልኩ አይደለም፤ ምስጡንም ዝናቡንም የጅማ ሰው ያውቀዋል። የሚወረሰው ሐሳቡ ነው። ታችኛው ወለል ቅድሚያ ለአዛውንት ይሰጥ። በሮች ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፉ ይሁኑ። 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለውን መግቢያ 1.80 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት ይፈታዋል፤ ቤቱ ሲሠራ ከታሰበበት ትንሽ ሲሚንቶ ነው፣ ካለቀ በኋላ ግን መዶሻና ጭቅጭቅ ይጠይቃል። ዛሬ 4ኛ ፎቅ ሲደርሰን ደስ ብሎን የምንወጣው ልጆችም ከ40 ዓመት በኋላ እዚያው ደረጃ ላይ ነን።