ግራሶ ያጨሰው ቁልቁለት

የተራራ ብስክሌት ፍሬን ታሪክ በአብዛኛው የሙቀት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ አቅራቢያ የተጀመረው የሪፓክ ውድድር ለዚህ ምስክር ነው። ተወዳዳሪዎቹ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርዱት በአሮጌና ከባድ ብስክሌቶች ነበር፤ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን ከመጋሉ የተነሳ የሞዞው ግራሶ ጨሶ ያልቅና እንደገና መሞላት ነበረበት። ጥፋቱ የፍሬኑ ሳይሆን የጋላቢው ነው የሚል አይጠፋም። ልምድ ፍሬን እንደሚቆጥብ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከከፍታ የሚወርድ ክብደት ሲገታ ጉልበቱ በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህን ብልሃት አይሽረውም። ባትሪና ሞተር የተሸከመው የዛሬው ብስክሌት ያንኑ ክብደት መልሶ አምጥቷል። ስለዚህ ሰፋና ወፈር ያለ ዲስክ፣ ባለ አራት ፒስተን የዘይት ፍሬን መግጠም ቅንጦት አይደለም፤ ሰፊው ብረት ሙቀቱን የሚያራግፍበት ገጽ አለው። ሹካው ከሚፈቅደው የዲስክ ልክ ማለፍ ግን ሌላ አደጋ ነው።